መጠይቁ ይቆየን፣ መዝገቡ ይከፈት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰኔ በመጣ ቁጥር በባህር ዳር የጽሕፈትና የጥረዛ ቤቶች ደጃፍ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስጠርዙ ተማሪዎች ይሰለፋሉ። ከሥራ አመራር ትምህርት ክፍሎች የሚወጡትን ጽሑፎች ያገላበጠ ሰው የአብዛኞቹ ርዕስ አንድ ቅርጽ እንዳለው ለማስተዋል ብዙ አይፈጅበትም፤ የአንድ ነገር ተጽዕኖ በሌላ ነገር ላይ፣ በአንድ ድርጅት። የአመራር ዘይቤ በሠራተኛ አፈጻጸም ላይ፣ ሥልጠና በሥራ እርካታ ላይ፣ ማትጊያ በምርታማነት ላይ። ድርጅቱ ባንክ፣ ሆቴል፣ ፋብሪካ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ግን አይለወጥም፤ ከ“በጣም አልስማማም” እስከ “በጣም እስማማለሁ” አምስት ሳጥን የተደረደረበት መጠይቅ ነው።

ተማሪዎቹን አንወቅስም፤ የተማሩትን ነው የሚሠሩት። ቅሬታችን ኢኮኖሚው መልኩን እየለወጠ ሳለ የሥራ አመራር ጥናታችን አስተያየት ከመሰብሰብ፣ አሠራራችንም ከውጭ የመጣ የማሻሻያ ጥቅል ተቀብሎ ከመተው አለመውጣታቸው ነው። ሁለቱም የሚድኑት በአንድ መንገድ ይመስለናል፤ ተመራማሪው ሰዓትና ሚዛን ይዞ ሥራው ወዳለበት ሲገባ፣ ድርጅቱም የመገኘት፣ የምርትና የብልሽት መዝገቡን በወጉ ይዞ ሲከፍትለት።

ለውጡ የቱን ያህል እንደፈጠነ ማስታወስ ይበቃል። ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ፣ በጥር ደግሞ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው በይፋ ተከፈተ። በዚህ ላይ በክልላችን ባለው የጸጥታ ሁኔታ መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ የተጫነ ዕቃ በቀኑ አይደርስም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዱቄት ፋብሪካ የሚያስተዳድር ሰው ሲጨነቅ የሚያድረው ስንዴው ስንት ቀን እንደሚያቆየው፣ መለዋወጫው በስንት እንደሚተካ፣ ነገ ስንት ሠራተኛ እንደሚቀርበት ነው። በመደርደሪያችን ላይ ካሉት ጽሑፎች ውስጥ ለእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልስ የሚሰጠውን ማግኘት ከባድ ነው።

መጠይቁ የት የት ላይ እንደሚስት እንናገር። መጀመሪያ የሰው ብዛት ነው። ተማሪው ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላበትን የያማኔን ቀመር ያወጣል፤ 400 ሠራተኛ ያለው ድርጅት፣ 5 በመቶ የስሕተት ልክ፣ ውጤት 200 ሰው። ስሌቱ ልክ ነው። ቀመሩ የተሠራው ግን ከሕዝብ መካከል ስንት በመቶው “አዎ” እንደሚል ለመገመት፣ ያውም ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ ነው። የአንዱ ነገር ለውጥ ሌላውን ይለውጥ እንደሆነ ለመመርመር አልተሠራም። በተግባር ደግሞ 200ው በዕጣ አይመረጡም፤ በዚያ ቀን በቢሮ የተገኙት፣ ማንበብ የማይቸገሩት፣ ከአለቃው ጋር የተስማሙት ናቸው። ሌሊት ፈረቃ የሚገባው፣ በጊዜያዊነት የተቀጠረው፣ ባለፈው ወር የለቀቀው ውስጡ የለም። የሥራው ችግር ያለው ደግሞ እነሱ ዘንድ ነው።

ቀጥሎ ቋንቋው። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ያለው “ኮሚትመንት” በትርጉም “ቁርጠኝነት” ይሆናል። ቁርጠኝነት በእኛ አገር የስብሰባ ቃል ነው። “ለድርጅቱ ዓላማ መሳካት ቁርጠኛ ነኝ” ተብሎ ሲጠየቅ “አልስማማም” ላይ ምልክት የሚያደርግ ሠራተኛ አይገኝም፤ ቅጹን ያደለው የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊው ከሆነማ ጭራሽ። ይሉኝታም አለ፤ የሰው ልጅ ተመርቆ እንዲወጣ ተብሎ የሚሞላ መጠይቅ ብዙ ነው። ከዚያ ቁጥሮቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባሉ፣ የአስተማማኝነት መለኪያው በቂ ከሚባለው ከ0.7 በላይ ይወጣል፣ ሁሉም ነገር ጥሩ ይመስላል። ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ሲመልስ መልሶቹ እርስ በርሳቸው መጣጣማቸው የማይቀር ነው። መለኪያው መጣጣማቸውን እንጂ እውነት መሆናቸውን አያይም።

ይህን ከመጠየቅ ይልቅ “ሌላ ቦታ በወር 500 ብር ጨምረው ቢጠሩሽ ትሄጃለሽ? 1,000 ቢሆንስ? ሰርቪስ ቢኖረውስ?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከሱ የሚሻለው ደግሞ ባለፉት 12 ወራት ስንት ሰው ለቀቀ፣ በተቀጠረ በስንተኛ ወሩ ለቀቀ የሚለውን ከደሞዝ መክፈያ ሰነድ ላይ መቁጠር ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ነው። በጽሑፎቹ ሁለተኛ ምዕራፍ ውስጥ የሚጠቀሱትን የባህል ቁጥሮች እንውሰድ። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ገርት ሆፍስቴድ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከኮምፒዩተር ኩባንያው ከአይቢኤም ሠራተኞች በተሰበሰበ መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ የአገሮችን የሥራ ባህል በቁጥር አስቀመጠ። በዚያ ሥራ ኢትዮጵያ ለብቻዋ አልተለካችም፤ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር “ምሥራቅ አፍሪካ” ተብላ በአንድ ተጠቃላ ነው የተቀመጠችው። ያ ቁጥር ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከዘጌ ቡና ስለሚገዛ ነጋዴ ወይም በባህር ዳር ኢንዱስትሪ ፓርክ ስለምትሰፋ ወጣት “የኢትዮጵያ ባህል እንዲህ ነው” የሚል ማስረጃ ሆኖ ሲመጣ መምህሩ ሊያስቆመው ይገባል።

አሁን የመዝገቡን ነገር በአንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እናሳይ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ እናስብ። ኃላፊዎቹ የሚያማርሩት በቀሪ፣ ማለትም ከሥራ በሚቀር ሠራተኛ ብዛት ነው። መግቢያው ላይ የጣት አሻራ መሣሪያ አለ፤ መሣሪያው ቀኑን የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። መረጃው በዚያው ሲታይ ቀሪው እንዲያው የተበተነ ይመስላል፤ አንዴ ወር መጀመሪያ፣ አንዴ ወር መጨረሻ። ወደ እኛ ቀን ሲመለስ ግን ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። መስከረም 21 በእነሱ ኦክቶበር 1 ነው፤ ጥቅምት 21 ኦክቶበር 31፤ ኅዳር 21 ኖቬምበር 30፤ ጥር 21 ጃንዋሪ 29። በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ አንድ ቀን ይገፋል። የማርያም በዓል በፈረንጅ ቀን ተበትኖ ማንም ሊያየው አይችልም።

ስለዚህ አጥኚው የአንድ ዓመት የመገኘት መረጃ ይወስዳል፣ እያንዳንዱን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይለውጣል፣ ከዚያ ከ1 እስከ 30 ባለው የወሩ ቀን ይደረድራል። ቀሪው በ12፣ በ21፣ በ29 ካበጠ ምክንያቱ ከበዓል ጋር የተያያዘ ነው። ደሞዝ በተከፈለ ማግስት ካበጠ ሌላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሆነ አዝመራ ነው፤ ሠራተኛዋ ከገጠር ቤተሰቧ ጋር ያላት ትስስር አልተቆረጠም ማለት ነው። ሰኞ ሰኞ ከሆነ ደግሞ ትራንስፖርቱን መመርመር ይሻላል። ለእያንዳንዱ መፍትሔው ይለያያል። ለበዓሉ፣ በ21 የሚቀር ሰው በቅድሚያ እንዲያስመዘግብና በሌላ ቀን እንዲተካ ማድረግ ይቻላል። ለአዝመራው የሁለት ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ በተራ መስጠት ሠራተኛዋ ጨርሳ ከምትለቅ ይረክሳል። የደሞዝ ቅጣት ብቻ የሚያውቅ ፋብሪካ ግን አራቱንም በአንድ ዱላ ይመታል።

ቀሪ ለምን ይህን ያህል እንደሚጎዳ ስሌቱ ይናገራል። በቀን 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፤ ለዕረፍትና ለዝግጅት 30 ደቂቃ ቢቀነስ 450 ይቀራል። መስመሩ በቀን 450 ሸሚዝ እንዲያወጣ ከተፈለገ እያንዳንዱ ሥራ ከአንድ ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ኮሌታ መግጠም 75 ሴኮንድ ከፈጀ መስመሩ በሙሉ 360 ሸሚዝ ነው የሚያወጣው፤ ሌሎቹ 29 ሰዎች በ45 ሴኮንድ ቢጨርሱም ባይጨርሱም። ኪስ ለሚሰፉት ሥልጠና መስጠት በዚህ መስመር ላይ ገንዘብ መጣል ነው። ኮሌታ የምትገጥመው አንዷ ሴት ስትቀር ደግሞ ቀኑ አብሮ ይቀራል። መድኃኒቱ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሰንጠረዥ ነው፤ በቁመት የሠራተኞቹ ስም፣ በአግድም የሥራው ዓይነት፣ ማን የትኛውን እንደምትችል ምልክት። ማነቆ የሆነውን ሥራ ቢያንስ ሦስት ሰው እስኪችለው ድረስ ሌላ ሥልጠና ይቆይ።

ሰዓት ይዞ መለካት የራሱ ጣጣ አለው። ሠራተኛ ሰዓት የያዘ ሰው ሲያይ ኮታ ሊጨመርብኝ ነው ብሎ ይዘገያል፣ ወይም ለማስደሰት ይሮጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ልኬቶች አይያዙም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ያሉ 20 ዙሮች ይለካሉ፣ ከጠዋቱም ከምሳ በኋላም። መብራት የጠፋበት፣ ክር የተበጠሰበት፣ ጨርቅ ያልደረሰበት ጊዜ ለብቻው ይጻፋል። ይህ ካልተለየ የመብራቱ ጥፋት በሴቷ እጅ ላይ ይቆጠራል። ውጤቱ ለቅጣት እንደማይውል ኃላፊው በቃሉ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ መፈረም አለበት።

ከዚህ ጋር አያይዘን ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ ስለ ማሻሻል ስለሚያስተምረው የጃፓን ዘዴ፣ ስለ ካይዘን እንናገር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ድጋፍ 30 ፋብሪካዎች ላይ ሞከረው፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቋመ። አምስቱ “ማ”ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ የማይረቡ ነገሮች አይደሉም። መሣሪያ በቦታው መቀመጡ ብቻ ብዙ ደቂቃ ያተርፋል። ሦስቱ በሳምንታት ውስጥ ይሠራሉ፤ የሚሰናከለው አራተኛውና አምስተኛው ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ወረቀት ይደርቃል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ቡድኑ መሰብሰብ ይተዋል። ምክንያቱን “የአመለካከት ችግር” ማለት የተለመደ ነው። እኛ ሌላ ምክንያት እናያለን። ካይዘን በጃፓን ትልልቅ ፋብሪካዎች የሠመረው ሠራተኛው በአንድ ድርጅት ለብዙ ዓመታት በሚቆይበት ሥርዓት ውስጥ ነው። ዛሬ ያቀረበው ሐሳብ የከርሞ ሥራውን ያቀልለታል። በእኛ አገር ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ለይተው ሲከታተሉ፣ ሥራውን ካገኙት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመት ውስጥ ለቀቁ። ከአራት ሰው ሦስቱ በማይከርምበት ቦታ “ማዝለቅ” በማን ይዘልቃል? ስለዚህ እንዲህ ባለ ፋብሪካ የመጀመሪያው ካይዘን የመጀመሪያው ወር ነው፤ አዲስ የገባችው ልጅ ቤት ኪራይ ከየት አገኘች፣ በምን ትመለሳለች፣ የመጀመሪያ ደሞዟ በስንተኛው ቀን ይደርሳታል። ይህን ያጠና ተማሪ የሚያወጣው ውጤት ከአሥር የእርካታ መጠይቅ ይበልጣል።

ልብ ይባል፣ ይህ የሁለቱ ሰዎች ጥናት ጉልበቱ በዘዴው ነው። ስለ ፋብሪካ ሥራ ምን ይሰማችኋል ብሎ ብቻ አልቀረም፤ ማን ቀረ፣ ማን ሄደ ብሎ ቆጠረ፣ ቆይቶም ተመልሶ ጠየቀ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የጥቅል ነገር እንዲሁ ነው። ቢፒአር (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) መጣ፣ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት ምዘና) ተከተለ፣ የዜጎች ቻርተር ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ የመጀመሪያው ምን አስገኘ፣ ምን አጎደለ ተብሎ ሳይመዘን ሁለተኛው ይገባል። ምዘናው በነጥብ ሲሆን የቡድኑ አባላት ሁሉ ከፍተኛ ነጥብ ተሰጣጥተው ይለያያሉ። የተገልጋይን ጊዜ ለመለካት ግን ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30 በየ15 ደቂቃው ወረፋ ላይ ያለውን ሰው መቁጠር፣ በአራቱ ሰዓት ጉዳዩ ያለቀለትንም መቁጠር ብቻ ነው። አማካይ ወረፋው 27 ሰው፣ የተስተናገደው 72 ሰው ከሆነ በሰዓት 18 ሰው ይስተናገዳል፤ 27 ለ18 ሲካፈል 1.5። አንድ ሰው በአማካይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሟል። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ይህን ነው፤ የሚያስፈልገው እርሳስና ወረቀት ነው። የሚያሳስተው “ነገ ተመለስ” የተባለው ሰው ነው። እሱ ነገ እንደ አዲስ ከተቆጠረ መሥሪያ ቤቱ ብዙ ያስተናገደ ይመስላል። ስለዚህ የአንድ ጉዳይ የመጀመሪያ ቀንና ያለቀበት ቀን በአንድ መስመር ላይ መጻፍ አለበት፣ የተመለሰበት ምክንያትም ከጎኑ፤ ኃላፊ የለም፣ ፋይል ጠፋ፣ ሲስተም የለም።

ወደ ጣና እንውረድ። የአሳ ንግድ ስለ አቅርቦት ሰንሰለት ለሚያስተምር ሰው ከበሩ ላይ ያለ ቤተ ሙከራ ነው። መረብ ማታ ይጣላል፣ ሲነጋ ይነሣል። ስለዚህ አሳው የሚበላሽበት ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ታንኳው ወይም ጀልባው ዳር ሲደርስ አይደለም፤ መረቡ ውስጥ በሞተበት ሰዓት ነው። ወደቡ ላይ ሲመዘን ብዙ ሰዓት ያለፈውና አሁን የሞተው በአንድ ዋጋ ይገዛል። አጥኚ ማድረግ ያለበት በሦስት ቦታ መመዘን ነው፤ ከጀልባ ሲወርድ፣ ፊሌቶ (አጥንት የሌለው ሥጋው) ሲወጣ፣ ገዢው እጅ ሲገባ። ቆሮሶ ከሚባለው አሳ የሚወጣው ፊሌቶ ከሙሉው ክብደት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ለስሌት እንዲመች ሙሉ አሳ በኪሎ 100 ብር ተገዛ እንበል። 100 ኪሎ 10,000 ብር ነው፤ 33 ኪሎ ፊሌቶ ከወጣው አንዱ ኪሎ 303 ብር ያህል ይፈጃል። ከመገፈፉ በፊት 10 ኪሎ አሳ ቢበላሽ ፊሌቶው 30 ኪሎ ይሆናል፣ ዋጋውም 333 ብር ይደርሳል። ጉልበት፣ ትራንስፖርትና ማሸጊያ ሳይገቡ 30 ብር በኪሎ በብልሽት ብቻ ሄደ። አሁን በረዶ መግዛት ያዋጣ እንደሆነ ማስላት ይቻላል። በሙቀት ቦታ ለአንድ ኪሎ አሳ አንድ ኪሎ ያህል በረዶ ይፈልጋል፤ አሳና በረዶው እየተነባበረ፣ የሚቀልጠው ውሃ ከሥር እየወጣ። ውሃው ካልወጣ አሳው ታጥቦ ይፈዝዛል፣ ገዢም ይመልሰዋል። በወጉ በረዶ ውስጥ ያደረ ቆሮሶ ከሳምንት በላይ ይቆያል። በጾም ገበያው ሲደራና ሲቀዘቅዝ አሳውን አቆይቶ መሸጥ የሚቻለውም በዚህ ነው። የማኅበራቱ አመራር “አቅም ግንባታ” ከሚባል ሥልጠና ይልቅ በሦስቱ ሚዛን መካከል የጠፋው ኪሎ የት እንደጠፋ ቢነገረው ይጠቀማል።

ስለ ዋጋ የምንለው ደግሞ ከገበያ ነጋዴ እስከ ፋብሪካ ሁሉንም ይነካል። ዶላር 57 ብር ሳለ በ1,000 ዶላር፣ ማለትም በ57,000 ብር የተገዛ መለዋወጫ መደርደሪያ ላይ አለ። ዶላሩ 120 ሆነ እንበል። ነጋዴው ልማዱን ይዞ 15 በመቶ ጨምሮ በ65,550 ብር ከሸጠው ያንኑ ዕቃ መልሶ ለመግዛት ግማሹን ተበድሮ ነው። ብልጥ ሆኖ በ130,000 ብር ሸጠ እንበል። በሒሳብ መዝገቡ ላይ 73,000 ብር ትርፍ ይታያል። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ከሆነ 30 በመቶው፣ 21,900 ብር፣ ግብር ነው። በእጁ 108,100 ብር ይቀራል። ዕቃውን ለመተካት 120,000 ብር ይፈልጋል። አትርፎ፣ ግብር ከፍሎ፣ 11,900 ብር ጎድሎት ቆመ። ከእንዲህ ያለ ዓመት በኋላ “የአነስተኛ ድርጅቶች የዕድገት ማነቆዎች” ተብሎ መጠይቅ ሲበተን መልሱ “የካፒታል እጥረት” ይሆናል። እጥረቱ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አልተከተለውም። ለክፍል ትምህርት የሚሆነው ይህ ነው፤ የአንድን ዕቃ የመተኪያ ዋጋ በየሳምንቱ መመዝገብና የመሸጫ ዋጋን ከግዢው ሳይሆን ከመተኪያው መነሣት። ባለቤቱ ዕቃው ጨርሶ እስኪያልቅ ካልጠበቀ፣ በትርፍ ስም የራሱን ካፒታል እየበላ መሆኑን ቀድሞ ያያል።

እቁብንም ሳናነሣ አናልፍም። በመማሪያ መጻሕፍት “ኢ-መደበኛ” ተብሎ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፣ የሚቀጣበት ደንብ አለው፤ ብዙ መደበኛ ድርጅት ይህ የለውም። አሁን ግን በዋጋ ንረት እየተፈተነ ነው። 24 ሰው በወር 10,000 ብር ቢጥል ዕጣው 240,000 ብር ነው። ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ከጨመረ በ24ኛው ወር የሚደርሰው ሰው የሚገዛው በመጀመሪያው ወር 170,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ለዚህ ነው ዙሩን የሚያሳጥሩት፣ ዕጣ የሚሸጡት፣ መዋጮውን በመሀል የሚያሳድጉት። እነዚህን ማስተካከያዎች ቆጥሮ፣ የትኛው እቁብ ሳይፈርስ እንደዘለቀና ለምን እንደዘለቀ የሚጽፍ ተመራማሪ ለአስተዳደር ትምህርት አዲስ ነገር ይጨምራል፤ እሱም ከባህር ዳር የወጣ ይሆናል።

“ባለቤቶች መዝገባቸውን አያሳዩም” የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። እውነት ነው። ለገቢዎች አንድ፣ ለራሱ አንድ ደብተር የሚይዝ ነጋዴ አለ፤ አጥኚ ሲመጣ የመጀመሪያውን ይሰጠዋል፣ ጥናቱም በዚያ ይሠራል። መውጫው ብር አለመጠየቅ ነው። ኪሎ፣ ሰዓት፣ ቁራጭ፣ የቀሪ ብዛት፣ የተመለሰ ዕቃ፣ ማሽን የቆመበት ደቂቃ ይጠየቅ። እነዚህ ግብር አያስከፍሉም፣ ባለቤቱም አይፈራቸውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሱ የሚፈልጋቸው ናቸው። ውጤቱ ሲወጣ በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለእሱና ለሠራተኞቹ ይመለስ፤ በእንግሊዝኛ የተጠረዘው 90 ገጽ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ እዚያው ፋብሪካ ገብቶ ያንኑ ይለካ። ዛሬ መምህራን “ይህ ድርጅት ተጠንቷል፣ ሌላ ምረጥ” ይላሉ፤ መባል የነበረበት ተቃራኒው ነው፣ ለውጥ የሚታየው አንድ ቦታ ተመላልሶ ሲለካ ነውና። ያልሠራ ሙከራም ይጻፍ፤ በረዶው ያላዋጣበት፣ ሰንጠረዡ የተቀደደበት።

ይህች ከተማ ለዚህ መሠረት አላት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሁለት ዓመት ቆይቶ ተከተለው፤ ከትምህርቶቹም አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ነበር። ትምህርት ቤቱና ፋብሪካው ጎረቤት ሆነው ተወለዱ። በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት ያ ጉርብትና አብሮ ተወርሷል።

ከየት እንጀምር ለሚሉ፣ ከደብዳቤው ይጀመር እንላለን። ትምህርት ክፍሎች ለተማሪው የሚሰጡት የትብብር ደብዳቤ “ለጥናት ጽሑፉ ማሟያ አስፈላጊውን መረጃ እንድትሰጡት” ይላል። አስፈላጊው መረጃ ምን እንደሆነ ስላልተጻፈ ጸሐፊዋ መጠይቁን ተቀብላ “ሳምንት ተመለስ” ትለዋለች። የዘንድሮ ርዕሶች ሳይጸድቁ ደብዳቤው እንዲህ ይጻፍ፤ “ተማሪው በድርጅታችሁ ለ30 የሥራ ቀናት እየተገኘ የ12 ወራት የመገኘት መዝገብ፣ የዕለት ምርት መመዝገቢያና ማሽን የቆመበትን ጊዜ መዝገብ ያያል፤ የሒሳብ ሰነድ አይጠይቅም። ሥራውን በጨረሰ በ15 ቀን ውስጥ ያገኘውን በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ያስረክባችኋል። ገጹን ካላስረከበ ለዚህ ክፍል አሳውቁ፤ ጽሑፉ አይመዘንለትም።”

ከአክብሮት ጋር፣
የሥራ አመራርና የኢንዱስትሪ ምሕንድስና ባለሙያዎች
ባህር ዳር